የጎልፍ መንደሩ ጉዳይ፦ የአብሮ መጦሪያ ቦታ መራጭ ኮሚቴ 312ኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 2014)

ቦታ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የወ/ሮ ይርጋለም አፓርታማ፣ ሳሎን

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ። ከወንዙ ማዶ፣ ከቨርጂኒያ የሚመጡት የአሌክሳንድሪያ አባላት በድልድዩ ትራፊክ አሳበቡ፤ የሲልቨር ስፕሪንግ አባላት በአሌክሳንድሪያ አባላት አሳበቡ።

የተገኙ፦
1. አቶ ዘገዬ፣ ሰብሳቢ፣ ታክሲ ነጂ
2. ጋሽ ዋቅጅራ፣ አባል፣ የዕድሜ ባለጸጋ
3. ወ/ሮ ሂክማ፣ አባል
4. ወ/ሮ ይርጋለም፣ አባልና የቤቱ ባለቤት
5. በፈቃዱ፣ ጸሐፊ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ

ያልተገኘ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መተዳደሪያ ደንባችን ከአምስቱ አንድ ሰው ከጎደለ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ይላል። ይህ አንቀጽ የገባው በ2002 ሦስት አባላት ለብቻቸው ተሰብስበው ፍሎሪዳን ከመረጡ፣ የቀሩት ሁለቱ ወሬውን ሠርግ ላይ ከሰሙ በኋላ ነው። ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱ ነበር፤ አልረሳም።

ስብሰባውን አጣዳፊ ያደረገው ምክንያት፦ ዳላስ የምትኖረው የወ/ሮ ይርጋለም ልጅ ዕድላዊት፣ ኮሚቴው እስከ ዛሬ ቦታ ካልመረጠ እናቷን ወደ ራሷ ቤት እንደምትወስድ አስታውቃለች። ቲኬትም ቆርጣለች። ኮሚቴው ለመምረጥ ስድስት ዓመት ስለፈጀ ልጅቱን ቸኮለች ብሎ ሊወቅሳት አልቻለም።

አጀንዳ 1፦ የጉብኝት ሪፖርት

አቶ ዘገዬ ባለፈው እሑድ ከጋሽ ዋቅጅራ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተው ስለጎበኙት የጡረተኞች መንደር ሪፖርት አቀረቡ። መንደሩ ንጹሕ ነው፣ ጸጥታ አለው፣ ቤቶቹ ደረጃ የላቸውም፣ ዙሪያውን ግን የጎልፍ ሜዳ ነው። ወ/ሮ ሂክማ ከመካከላችን ጎልፍ የሚጫወት ሰው አለ ወይ ሲሉ ጠየቁ። እንደሌለ ተረጋገጠ። ሰብሳቢው ባሕር ዳር የሚኖር ሁሉ ዋናተኛ አይደለም ብለው መለሱ።

ጋሽ ዋቅጅራ ተጨማሪ ማብራሪያ ሰጡ። ሜዳው ላይ አንድ ሽማግሌ በትንሽ መኪና ወዲያ ወዲህ ሲሉ አይተው ዕቃ የጠፋባቸው መስሏቸው ነበር። ሣሩ ውስጥ ኳስ ሲያገኙ ሮጠው በሁለት እጃቸው አስረከቧቸው። ሰውዬው ፊታቸው ቀላ። ጋሽ ዋቅጅራ ይህን ከምስጋና ቆጥረው ሌሎች አምስት ኳሶችም ለቃቅመው በባርኔጣቸው አመጡላቸው። ሰው ዕቃው ጠፍቶበት ሲንከራተት ቆሞ ማየት ነውር መሆኑንም አስረዱ። አንዷ ኳስ የኔ ናት የሚል ስላልተገኘ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ቀርባለች።

ሰብሳቢው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ጎልፍን እንደማይጨምር በዓይናቸው ማየታቸውን ተናገሩ። ጋሽ ዋቅጅራ በበኩላቸው ገና በልጅነታቸው እንደተጫወቱ፣ ተጋጣሚ የሌለው ገና ግን ሕመም እንጂ ጨዋታ እንዳልሆነ ገለጹ።

ከረዥም ውይይት በኋላ መንደሩ በአራት ድምፅ ተመረጠ። ወ/ሮ ይርጋለም ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ምክንያታቸውን የጠየቀ አልነበረም።

አጀንዳ 2፦ የመንደሩ ደንብ

የመንደሩ ደንብ በአንድ ቤት ደጃፍ ከሁለት በላይ የእንግዳ መኪና እንዳይቆም ይከለክላል። ወ/ሮ ሂክማ ባለፈው ዒድ ጌይተርስበርግ ቤታቸው አሥራ አንድ መኪና ቆሞ እንደነበር አስታውሰው፣ ለቅሶ ቢመጣ ምን ሊኮን ነው ሲሉ ጠየቁ። ጋሽ ዋቅጅራ የመጀመሪያው ለቅሶ የእሳቸው እንደሚሆን ጠቅሰው፣ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ የሚያለቅስላቸው ከሆነ ግን እንደማይሞቱ ከወዲሁ አስጠነቀቁ።

ለቀስተኛው መኪናውን ከመንደሩ ውጭ አቁሞ በጎልፍ መኪና ተራ በተራ እንዲገባ፣ ተራ አስከባሪውም አቶ ዘገዬ እንዲሆኑ ተወሰነ። ኳስ በሚመታበት ቅጽበት ጮኾ ማልቀስ ተከልክሏል።

አጀንዳ 3፦ የሜዳው አጠቃቀም

ወ/ሮ ሂክማ ሜዳው ላይ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፍረው ያለ ሥራ መቀመጣቸውን አንስተው፣ ጤና አዳም እንዲተከልባቸው ሐሳብ አቀረቡ። ባንዲራዎቹ ለችግኙ መደገፊያ ይሆናሉ። ሐሳቡ በአራት ድምፅ ጸደቀ።

ቀጥሎም መንደሩ ከአዲስ ገቢዎች ቢያንስ አንድ የጎልፍ ተጫዋች እንደሚፈልግ ታወቀ። ጸሐፊው እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ሲመለስ ተጫዋቹ እሱ ሆኖ መመረጡ ተነገረው። ከክፍሉ ስለወጣ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም ሲል ተቃወመ። ሰብሳቢው መታጠቢያ ቤቱ የስብሰባው አካል ነው ብለው ውድቅ አደረጉበት። ተቃውሞው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቋል፤ ጸሐፊው ራሱ ስለሆነም ሰፍሯል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

በዚህ መሃል ዕድላዊት ኮል አደረገች። ስልኩ ሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

"ማሚ፣ ዲሳይድ አደረጋችሁ? ሩምሽ ሬዲ ነው እኮ።"

ሰብሳቢው መልሱን ሊናገሩ ሲሉ ወ/ሮ ይርጋለም ቀደሟቸው።

"ልጄ፣ እኔ መምጣት አልችልም። እኔ ከሄድኩ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።"

ዕድላዊት ምልዓተ ጉባኤ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰብሳቢው እናቷ ከሌሉ ስብሰባ የለም ማለት እንደሆነ ተረጎሙላት። ደንቡን ቼንጅ ማድረግ አይቻልም ወይ አለች። ደንብ የሚሻሻለው አምስቱም ሲስማሙ እንደሆነ ተነገራት። ወ/ሮ ይርጋለም አልተስማሙም። ከዚያም ወደ ኮሚቴው ዞረው እንዲህ አሉ፦

"የጎልፍ መንደሩንም አልፈልገውም። እዚያ ብንገባ ጎረቤት እንሆናለን። ጎረቤት ደግሞ ነገ እመጣለሁ እያለ ይቀራል። ኮሚቴ ግን አይቀርም። እናንተ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አልቀራችሁብኝም። ወንበሩን ዓርብ ነው የምደረድረው።"

ጋሽ ዋቅጅራ ኳሷን አንስተው መልሰው አስቀመጧት። ዕድላዊት በመጨረሻ ቲኬቱን ካንስል እንደምታደርግ፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል ግን ራሷ እንደምትመጣ ተናገረች። ያለ ድምፅ ታዛቢ ሆና እንድትገኝ ተፈቀደላት።

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በኮሚቴው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦

1. ከጸሐፊው የጎልፍ ተጫዋችነት በቀር ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኳሷ ለጸሐፊው በርክክብ ትሰጠው።
2. ኮሚቴው ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታ መፈለጉን ይቀጥላል። ማግኘት ግን ክልክል ነው።

ስብሰባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተዘጋ። አባላት የሄዱት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

በፈቃዱ
ጸሐፊና የጎልፍ ተጫዋች