የኢንጂነር ዳሂር ባለ ሦስት ቀለም ገመድ

አዲስ ቴሌቪዥን ሊገዛ የወጣን ሰው ከበር የሚመልስ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር በዚህች ምድር ላይ የለም። ጅግጅጋ ላይ የእኛ ሰፈር ክቡር ኢንጂነር ዳሂር አሉት። ኢንጂነርነቱን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ መሥሪያ ቤታቸው የሚያውቃቸው በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ነው።

ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ባዩ ቁጥር፣ "ዕቃው አልሞተም፤ ጠያቂ ነው ያጣው" ይላሉ።

እኔም ከደብረ ብርሃን በመምህርነት ተመድቤ በመጣሁ በዓመቱ ፍላት ቴሌቪዥን ልገዛ ስነሳ ያዙኝ። ስልኬ ላይ የማየውን ሁሉ በአሮጌው ቴሌቪዥኔ ሊያሳዩኝ ቃል ገቡ። ከቶጎ ውጫሌ ገበያ የክብሪት ቀፎ የምታህል መቀየሪያና ጫፉ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ የሆነ ገመድ አስመጡ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቤቴ ከረሙ። መጀመሪያ ድምፅ ያለ ምስል መጣ፤ ቀጥሎ ምስል ያለ ድምፅ። በመጨረሻ ሁለቱም መጡ፤ ሰዎቹ ግን በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። ኢንጂነሩ ዓይን እንደሚለምድ ነገሩኝ። እውነትም ለመደ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ግን የማይቀለድበት ጉዳይ መጣ። የግቢያችን ባለቤት ወይዘሮ ዓሻ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሆዳን። ማሌዥያ ሕክምና ስትማር ስድስት ዓመት ሳያዩዋት ኖረዋል። ምርቃቷ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል ተባለ። የወይዘሮ ዓሻ ዓይን ግን ደክሟል፤ በስልክ ላይ ሰው ከሰው አይለዩም። ቴሌቪዥናቸው ደግሞ ሟች ባለቤታቸው የገዙት ነውና ይቀየር የሚል ሰው አይወዱም።

ኢንጂነር ዳሂር በጠዋት ኮት ለብሰው፣ ገመዳቸውን በክንዳቸው ጠቅልለው ደረሱ። የራሳቸውን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው፣ ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ የሌሎቻችንን ሁሉ አስጠፉ። የምስሉን ጥራት ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረጉት። መጣ። ቀለሙ እንኳ የሰው ቀለም ነበር።

የሆዳን ስም ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ካሜራው መልሳ ፈገግ አለች፤ እዚያው ላይ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ድምፁም ጠፋ።

ኢንጂነሩ ወደ ገመዱ ተወረወሩ። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

ወይዘሮ ዓሻ ከምንጣፉ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዱ።

"ተወው ዳሂር፣ አትንካው" አሉ ቀስ ብለው። "እየተራመደች ቢሆን ዓይኔ አይደርስባትም ነበር። ቆማልኛለች፤ ልያት።"

አዩዋት። ግንባሯን በጣታቸው ነክተው የአባቷ ነው አሉ። ጉንጯ እንዳልከሳ አረጋገጡ። ምስሉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ከዚያ አልራቁም።

ኢንጂነር ዳሂር ገመዱን ለቀው ተቀመጡ። የተበላሸ ነገር ፊታቸው ተደቅኖ እጃቸውን ሲያጣጥፉ ያየሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ሰጠኋቸው።