የአንድ ወታደር ጉማ

ደፋር ነኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ክርክር አልገጥመውም፤ መንገድ ሲሻገር አየዋለሁ። ከሚሴ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ወደ ደሴ የሚወጣው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል፤ የቀረውን ክፍተት ባጃጅ ይሞላዋል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ጅብ በጥፊ መትቶ እንደመለሰ ሲያወራ ያረፈደ ጎረምሳ፣ አስፋልቱ ዳር ሲደርስ የማያውቃቸውን አሮጊት ክንድ ይዞ "እናቴ፣ ላሻግርዎ" ሲል አይቻለሁ። ማን ማንን እንዳሻገረ እሳቸውና አላህ ያውቃሉ።

ሁለተኛው የድፍረት መፈተኛ ቼዝ ነው። ተቀምጠው የሚጫወቱት ስለሆነ ድፍረት የሚጠይቅ አይመስልም፤ ይጠይቃል። እኔን ውሰዱኝ። ንጉሤን ቶሎ ብዬ ጥግ አስገብቼ፣ በወታደር አጥሬ፣ ጠላት እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ይመጣልም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። በዓለም አናት ላይ የተቀመጡት ሊቃውንትም፣ አትፍረዱብኝና፣ በዚህ በኩል ከእኔ ብዙ አይርቁም። ኮምፒዩተር የሚባል ዳኛ መጥቶ እያንዳንዱን አጀማመር እየመረመረ "ይህ ያዋጣል፣ ያ አያዋጣም" ብሎ ከፈረደ ወዲህ፣ የተጠረገ መንገድ ብቻ ሆኗል የሚመርጡት። ተጨባብጠው ይቀመጣሉ፣ ቤታቸው ያጠኑትን ይደረድራሉ፣ ተጨባብጠው ይነሣሉ። አቻ።

አልፎ አልፎ ግን ከእነዚያው ሊቃውንት መሀል አንዱ ይነሣበትና፣ ገና በሁለተኛው እንቅስቃሴ ከንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍቶ "እንካ፣ ብላ" ይላል። የንጉሥ ጋምቢት ይሉታል። ጋምቢት ማለት እንግዲህ አንድ ወታደር በነፃ ሰጥቶ መንገድ መክፈት ነው። መንገዱ ወደ ጠላት ንጉሥ ይወስዳል፤ ክፋቱ የራስህንም ንጉሥ በር ከፍቶ መተዉ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ሲያይ ወዲያው ነጥብ ይቀንሳል። እንቅልፍ ይዞት የነበረው ተመልካች ደግሞ ወንበሩን ይስባል። እኔ የዚህ ዓይነቱን ሰው እወደዋለሁ። ራሴ ስለማላደርገው ነው መሰለኝ፣ አብልጬ እወደዋለሁ።

ከሚሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ማን እንደሆነ ስነግራችሁ ደግሞ ጭራሽ አታምኑኝም። ፋርማሲስቱ ከድር ነው።

የከድር ፋርማሲ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የሐኪም ማዘዣ ሲቀበል አንብቦ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ እንደገና ያነባል፤ ከዚያም በሽተኛውን "ምንህን ነው ያመመህ?" ይለዋል። ሐኪሙን ሳያምን ቀርቶ አይደለም፤ ልቡ እንዲያርፍለት ነው። ጃንጥላ የሚይዘው በበጋ ነው፤ በክረምትማ ሁሉም ይይዛል። ከምሳ በኋላ ወደ እኔ በረንዳ ቼዝ ለመጫወት ሲመጣ አስፋልቱ ዳር ይቆማል፣ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ደግሞ ግራ ያያል። መንገዱ ባዶም ቢሆን ሌላ ሰው ቀድሞት እስኪሻገር ይጠብቃል። እኛ ከዚህ ማዶ ሰሌዳውን ደርድረን በርሃብ አድማ ላይ እንዳለ እስረኛ ፈዘን እናየዋለን።

ይኸው ሰው ነጭ ይዞ ሲቀመጥ ግን የሚያውቀው የለም። ሁልጊዜ ጋምቢት ነው። ወታደሩን ይሰጣል፣ ቆይቶ ፈረሱን ይሰጣል፣ አንዳንዴ ንግሥቲቱንም መርቆ ይሸኛታል፤ ያንተ ንጉሥ ደግሞ ሰሌዳው መሀል ላይ ራቁቱን ቀርቶ ታገኘዋለህ። አንድ ቀን ይህ ነገር ከየት እንደመጣበት ጠየቅሁት። "ቀኑን ሙሉ እንዳይበዛ፣ እንዳያንስ ስል እውላለሁ" አለኝ። "ሰው አንድ ቦታ ላይ መተንፈስ አለበት።"

እንዲህ እየተነፈሰ ዞኑን አሸነፈ፣ ክልሉን አሸነፈ፤ በመጨረሻም ለዓለም አገሮች ውድድር የሚሄደው ቡድን ወደሚመረጥበት ጨዋታ አዲስ አበባ ተጠራ። እዚያም አላሳፈረንም። የመጨረሻው ጨዋታ ከኢድ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ለበዓሉ ቤቱ ሲመጣ፣ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። በዚያ ጨዋታ አቻ ከወጣ በቡድኑ ውስጥ ቦታ አለው። ማሸነፍ አይጠበቅበትም፣ አቻ ይበቃዋል። የሚገጥመው የአዲስ አበባ ኢንጂነር ነው፤ ሰውየው ቦታውን አስቀድሞ አረጋግጧል፣ በጥንቃቄው የታወቀ ነው፣ አቻ ቢሰጡት እጅ የሚስም ነው። ከድር ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወጣቶቹ እንደማያስጠጉት እሱም እኛም እናውቃለን። ከልጅነቱ የተመኘው ነገር ቢኖር በአገሩ ስም አንዴ ሰሌዳ ፊት መቀመጥ ነው።

"በምን ልትጀምር ነው?" አልነው የኢድ ለት።

"በጋምቢቱ ነዋ" አለን።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። መከርነው፣ ለመንነው፣ እኔማ በቁጣ ደንፍቼበታለሁ። እንደማይሰማን ሲገባን አገራችን በእንዲህ ያለ ጊዜ የምታደርገውን አደረግን፤ ሽማግሌ ላክንበት።

ሐጂ ኢንድሪስ ጨፋ ላይ ከብት ያላቸው፣ ደም የተቃባ ወገን ሲያስታርቁ የኖሩ አባት ናቸው። ቼዝ አይተው አያውቁም። መጀመሪያ የጠየቁት "ቁማር አለበት?" ብለው ነው። የለበትም አልናቸው። "ሶላት ያሳልፋል?" ሲሉ ትንሽ ተያየን። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ከድር ቤት ሄዱ፤ በወጉም መሠረት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ አቁሞ እምቢ የሚል ሰው አልተወለደም።

"ኢልማ ኮ" አሉት ሐጂ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ? እኛ እሺ በለን ብለን መጥተናል። ያቺን የምትሰጣትን ነገር አትስጣት አሉ ወዳጆችህ። አቻ ይበቃዋል አሉን።"

ከድር አንገቱን ደፋ። "አባቴ፣ እናንተን እምቢ አልልም" አለ። "ግን የምትከለክሉኝን ነገር አይታችሁ ከልክሉኝ።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ልክ ነው፤ ያላየነውን አንፈርድም" አሉና ተቀመጡ። ጉዳዩ ያኔ ከእጄ አመለጠ።

ከድር ሰሌዳውን ዘረጋ። ይህ ንጉሥ ነው፣ ይህ ፈረስ ነው፣ እነዚህ ወታደሮች ናቸው እያለ አስተዋወቃቸውና ያንን ወታደር ገፋው።

"ቢበላውስ?" አሉ ሐጂ።

"ይብላው።"

"ባይበላውስ?"

"ባይበላው ፈርቷል ማለት ነው።"

ከዚያ ጥቁሩን እያስበላ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ በተከፈተው መንገድ እንዴት እንደሚወጡ አሳያቸው። ሐጂ በጣታቸው የተከፈተውን መንገድ ተከተሉት። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ከብቱ ዳር ቆሞ አልገባም እንደሚል፣ አንድ ወይፈን ተገፍቶ ሲገባ ግን ሌላው እንደሚከተል ነገሩን። ወይፈኑን ውኃው የሚወስደው ጊዜ አለ። መንጋው ግን ይሻገራል።

"ወላሂ፣ ነገሩ ያ ነው" አሉ። "እንግዲህ ፍርዱን ስማ። ስጠው፣ አልከለክልህም። ግን ወታደሩ ሰው ነው፣ ለሌሎቹ ብሎ ነው የገባው። ደሙን ከንቱ እንዳታስቀረው። ጉማው ሳይከፈል እርቅ ቢሉህ እንዳትቀበል።" ጉማ የደም ካሳ ነው፤ የሟች ወገን ካሳውን ሳይቀበል ታረቀ ከተባለ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ከድር ቀና ብሎ አያቸውና "እሺ" አለ። "ረቢ ሲ ሃ ጋርጋሩ" ብለው መረቁት፤ ፈጣሪ ይርዳህ ማለታቸው ነው። አቻ እንዲያስገኙልን የላክናቸው ሽማግሌ አቻን ከልክለው ወጡ፤ እኔ ግን ያን ለት ልብ አላልኩትም።

የጨዋታው ቀን በረንዳዬ ሞላ። አዳራሹ ውስጥ ያለ አንድ የከሚሴ ልጅ ሁሉንም በቴሌግራም ይጽፍልናል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወንበሩን ተቆጣጥረዋል። ከድር ወታደሩን ሰጠ፤ ኢንጂነሩ በላው። ከድር ፈረሱንም ሰጠ። "ኢንጂነሩ ኮቱን አወለቀ" የሚል መጣ። ቀጥሎ "ንጉሡ መሀል ላይ ቀርቷል" የሚል መጣ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም፤ እኔ ንጉሤን ጥግ ከትቼ የኖርኩት ሰውዬ በኩራት ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ በባዶ አስፋልት ላይ ሰው የሚጠብቅ ጎረቤቴ በአገሩ አናት ላይ ያለውን ተጫዋች ላብ አስጠምቆታል።

ከዚያ "ኢንጂነሩ አቻ ጠየቀ" የሚል መጣ።

በረንዳው በሙሉ ተነፈሰ። አለቀ፤ እጁን ዘርግቶ መጨበጥ ብቻ ነው የቀረው። እኔም የሐጂን ቃል ያስታወስኩት ያኔ ነው። ቀስ ብዬ ዞር ስል ሌላውም ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሯል።

"ምን አለው?" አሉ ሐጂ።

"እርቅ አለው።"

"ጉማ ከፍሏል?"

"አልከፈለም።"

"እንግዲያው እንዴት ይሆናል?" አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። "ከድር አልተቀበለም" የሚለው መልእክት ወዲያው ገባ፤ ኔትወርኩም እሱን አድርሶ ጠፋ።

ሲመለስ ሁሉም አልቆ ነበር። የኢንጂነሩ ንጉሥ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ አምልጧል፤ ከድር የሰጠው ሁሉ እንደተሰጠ ቀርቷል። ከድር እጅ ሰጠ። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። ሐጂ ለአሱር ሶላት ተነሡ፤ እኔም ሰላም አላልኳቸውም። ተናድጄባቸው ነበር።

ከድር ሲመለስ "ቆጨህ?" አልኩት።

"በጣም" አለኝ። "እውነቱን ልንገርህ፣ ሐጂ ባይኖሩ እቀበለው ነበር፤ እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን ያን ቦታ ተቀብዬ፣ ያ ጨዋታ እንዴት ያልቅ ነበር እያልኩ እኖር ነበር። አሁን ቢያንስ እንዴት እንዳለቀ አውቃለሁ።" ከዚያ ወደ ፋርማሲው ሊሄድ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከተማው ግን ምሳሩን ያነሣው በከድር ላይ ሳይሆን በሐጂ ላይ ነው። ስለማያውቁት ነገር ፈርደው የሰው ዕድል ዘጉ ተባለ። እሳቸውም ሰሙ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ብቻቸውን ከድር ደጃፍ ሄደው ቆሙ። "አፉ በለኝ" አሉት። ከድር ደንግጦ ይቀመጡ ቢላቸው አይቀመጡም፤ ይቅር ብያለሁ አስብለውት ነው የተቀመጡት። "ጉማው ግን ሳይከፈል ቀረ" አሉ ሲወጡ። "እሱ በእኔ አንገት ነው።" ከዚያ ወዲህ በረንዳዬ ላይ አልታዩም። በሠፈሩም ማስታረቅ ቀነሱ። እኔም ንዴቴ በርዶ፣ ሰው ሲያማቸው በሰማሁ ቁጥር መልስ ልሰጥላቸው እመኝ ነበር፤ ምን ብዬ?

ወራት አለፉ። ቡድኑ ወደ ውጭ ሄደ፤ የዓለም ታላላቆች ከተቀመጡበት አዳራሽ ጨዋታው በስልክ በቀጥታ ይተላለፍ ጀመር። ለኢንጂነሩ ከእሱ እጅግ የሚበልጥ ሰው ደርሶታል። ነጭ ይዟል። እኔ የደንበኛ ወረቀት ኮፒ እያደረግሁ በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነበር። የንጉሡን ወታደር ገፋ፣ ያም ገፋ። ከዚያ ያ ጠንቃቃ ሰው፣ ያ ኮቱን አውልቆ አቻ የለመነ ሰው፣ ከንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍቶ እጁን መለሰ።

የደንበኛዬን ወረቀት ማሽኑ ላይ ትቼ በረንዳ ወጣሁና "ከድር፣ ጋምቢቱን ተጫወተው" ብዬ ጮህኩ። ከድር ከፋርማሲው ወጣ። እንግዲህ ይህን ብትፈልጉ እመኑ፣ ባትፈልጉ ተዉት፤ ግራ አላየም፣ ቀኝ አላየም፣ በሁለት የጭነት መኪና መሀል ሮጦ ተሻገረ። አንድ የባጃጅ ሾፌር እስከ ዛሬ ይሰድበዋል።

ሐጂን በሰው አስጠራናቸው። መጡ፤ ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

"ይህችን የሰጠው ማነው?" አሉ።

"ያ የከድርን ወታደር የበላው ሰው ነው።"

"አስገድደውት ነው?"

"ማንም አላስገደደውም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው።"

"በዓለም ፊት?"

"በዓለም ፊት" አለ ከድር።

ሐጂ ስልኩን መለሱልኝ። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና ከእነዚያ ወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ጉማው ተከፈለ።"

ያ ጨዋታስ በምን አለቀ ትሉኝ ይሆናል። በአቻ ነው። ተጋጣሚው እጁን ሲዘረጋለት ኢንጂነሩ ፈጥኖ ጨበጠው። ምን ያድርግ፣ እሱ ሐጂ ኢንድሪስ የሉትም።