ጋሽ ኃይለ መስቀል ዓሣ ሲያክሙ

ሐኪም የሌለበት ቀበሌ ሊኖር ይችላል፤ ሐኪም የሌለበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ግን የለም። ነጭ ጋወን ስለሚለብሱት አይደለም የማወራው። ደረጃ ላይ አስቁመው የዓይናችሁን ቆብ ገልብጠው ስለሚያዩት፣ ሳትጠይቋቸው በሽታችሁን ነግረው መድኃኒት ስለሚያዙት፣ በማግስቱም «ወሰድከው ወይ?» ብለው በር ስለሚያንኳኩት ነው። የትም አልተማሩም፤ ግን የሌሉበት ቦታ የለም።

መሪ ሰፈር የሚገኘው የእኛ ብሎክ የታደለው ክቡር ሐኪም ጋሽ ኃይለ መስቀል ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ጡረታ ሲወጡ ወንበርና ጠረጴዛ መቁጠሩን ትተው ወደ እኛ ጉበትና ኩላሊት ዞሩ። ሙያቸው የተወሳሰበ አይደለም። ከወገቡ በላይ ያመመውን ሰው ብርድ መትቶታል፤ ከወገቡ በታች ያመመውንም ያው ብርድ ነው፤ ሆዱን ያመመው ጨጓራ አለበት። ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ካለ ምች ነው። «ስማኝ» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሐኪም ቤት ብትሄድ ደምህን ቀድተው ሲያበቁ ደም ነው ይሉሃል።»

አንድ ሰሞን አዲስ ጫማ ገዝቼ እያነከስኩ ደረጃ ስወጣ አገኙኝ። ብርዱ ጅማቴ ውስጥ ገብቷል ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አመጡልኝ። ቤቴ ገብቼ ጫማውን ሳወልቅ ተሻለኝ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር በዳማከሴ ያዳኑት ሰው አድርገው ያስተዋውቁኛል። የጥበቃችንን የፍሮምሳን ያበጠ እጅ ደግሞ በቅባት ሲያሹት ከርመው፣ በስንት ልመና ራጅ ሲነሳ ተሰብሮ ተገኘ። «ስብራቱ ውስጥ ብርድ ገብቶበት ነው» አሉ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ ሰው በብሎካችን አልነበረም።

ከዚያ የማስተዋል ነገር መጣ። ማስተዋል ከእኔ ፊት ለፊት ብቻዋን የምትኖር አስተማሪ ናት። ሆዷን ስትታመም ጋሽ ኃይለ መስቀል ጨጓራ ነው፣ ምንም አይደል ብለው ተልባ ያጠጧት ጀመር። ሰው አክባሪ ናትና ወራት ሙሉ ተልባዋን ጠጣች። አንድ ቀን እያስተማረች ክፍል ውስጥ ወደቀች። ለካ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሞልቶት፣ መግል ቋጥሮ ኖሯል። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ሆስፒታል ተኛች። ይህን ለጋሽ ኃይለ መስቀል ያረዳሁት እኔ ነኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ቤታቸው ገቡና በራቸውን ዘጉ።

እኔ ዘንድ ደግሞ የማስተዋል አደራ ነበረ። ስሙ ሻለቃ ነው፤ ብርቱካንማ ዓሣ። እናቷ ካረፉ በኋላ ነው የገዛችው። ከሥራ ስትመለስ ውሎዋን የምታወራው ለእሱ ነው፤ በሯ ገርበብ ሲል እሰማታለሁ። ከተኛችበት ስትደውል ስለ ቁስሏ ሳትነግረኝ ስለ ሻለቃ ጠየቀችኝ። «አደራህን፣ ባዶ ቤት መግባት አልችልም» አለችኝ። ይህን ሰምቼ፣ ቁልፏን ተቀብዬ የመስታወት ቤቱን ተሸክሜ ወደ እኔ ሳሎን አዛወርኩት።

ልትወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ጠዋት ተነስቼ ባየው፣ ሻለቃ ክንፉና ጅራቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። እየተወረወረ ጎኑን ከጠጠሩ ጋር ያሻል። እኩለ ቀን ላይ ምግቡን ትቶ፣ ክንፉን አጥፎ፣ መሬት ለመሬት ተኛ። እኔ የከብት ሐኪም አውቃለሁ፤ የዓሣ ሐኪም ግን የት ይገኛል? ጨነቀኝ። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለምና የጋሽ ኃይለ መስቀልን በር አንኳኳሁ።

መነጽራቸውን አድርገው መስታወቱ ላይ ተደፉ። ብዙ ቆዩ። «ብርድ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ እንጦጦ ወጥተው በቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። ዓሣ ይጠመቃል እንዴ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ፍጥረት አይደለም ወይ አሉኝ። ሳይሰስቱ አፈሰሱበት። የእንጦጦ የማለዳ ውሃ እጅ ይቆርጣል። ሻለቃ አንዴ ተንዘፈዘፈና በጎኑ ወደቀ።

ጋሽ ኃይለ መስቀል እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቶሎ አወጡት። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ማስተዋልን ያደረጓት አንሶ አሁን ደግሞ ዓሣዋን ሊገድሉባት ነው ብዬ በታላቅ ሰው ላይ ጮህኩ። እንደተናገርኩት ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«አላውቅም» አሉ። «ምን እንደያዘው አላውቅም። የእሷንም አላውቅም ነበር።»

ሻለቃን ከነውሃው ባልዲ ውስጥ ከትተን በታክሲ ወደ መገናኛ ወረድን፤ እዚያ ጌጥ ዓሣ የምትሸጥ ሳምራ የምትባል ልጅ አለች። ባልዲውን ጋሽ ኃይለ መስቀል ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር «ቀስ በል፣ በሽተኛ ይዘናል» ይሉ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔ ዓይኔ ከዓሣው አልተነቀለም፤ አፉን ከፈት ከደን ማድረጉን ካቆመ አለቀልን።

ሳምራ ጠየቀች፤ ጋሽ ኃይለ መስቀል ሁሉንም መለሱ፤ የቀዝቃዛውን ውሃ ጉዳይም አልደበቁም። ነጩ ነገር በዓይን የማይታይ ተባይ ቆዳው ውስጥ ገብቶ የሠራው ነው አለችን። ጠብታ መድኃኒት ሰጠችን። ውሃው ቀስ እያለ ይሙቅ፣ ትንሽ ጨው ሟሙቶ ይግባ፣ በየቀኑ ከውሃው እየተቀነሰ ክፍት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ይተካ፤ ከቧንቧ ወዲያው የተቀዳ ውሃ ክሎሪኑ ያቃጥለዋል። ደግሞ እንዳትደነግጡ፣ ከመሻሉ በፊት ሊብስበት ይችላል አለች። ሰው ንግግሩን እንዲጨርስ ፈቅደው የማያውቁት ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሏት።

ቤት ስንደርስ መብራት የለም፤ የዓሣው ውሃ ማሞቂያ ጠፍቷል። ሳምራ ድንገት ከቀዘቀዘ አይችለውም ብላ ነበር። ጋሽ ኃይለ መስቀል ቡታጋዝ ላይ ውሃ እያሞቁ፣ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ ዓሣው አጠገብ ማንሳፈፍ ያዙ። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ይለውጣሉ፤ እጃቸውን ነክረው ሙቀቱን ያያሉ። በማግስቱ ነጩ ጨምሮ ገላውን አለበሰው። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለማስተዋል የምነግራትን ቃል መፈለግ ጀመርኩ። እሳቸው፣ ልጅቷ ሊብስ ይችላል ብላለች አሉና ጠብታቸውን ቀጠሉ። ደረጃው ላይ ሰው እያሳለ ሲያልፋቸው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ።

ማስተዋል በምትመጣበት ዋዜማ ሻለቃ ከተኛበት ተነሳ። የጅራቱ ጫፍ ተበልቷል፤ ምግቡን ግን ጎረሰ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ፊታቸውን አዙረው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ማስተዋል ሆዷን ደግፋ ገባች። መስታወቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ «ጅራትህን ምን አደረጉብኝ» አለችው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ከበሩ አላለፉም። እሷ ራሷ ሄዳ ጉንጫቸውን ሳመች። አሁንም እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ ምን ይሻለኛል አለቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ሐኪምሽ ያለሽን አድርጊ፣ ልጄ» አሏት። «እኔን አትስሚ።»

ብለውም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብሎካችን ጤነኛ ሆነ፤ ብርድ የመታው ሰው ጠፋ። ደስ ሊለኝ በተገባ። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ የሚያስቆመኝ ሳጣ ቅር ይለኝ ጀመር። ወገቤን ይዤ ባልፍም የሚጠይቀኝ የለም። የሰው ልጅ በገዛ ደረጃው ላይ እንዲህ ሳይታይ ማለፍ አለበት?

ቅዳሜ ዕለት በራቸው ፊት ቆሜ ሳልኩ። ምንም አላመመኝም። ዝም። አምርሬ ሳልኩ። የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማና በሩ ገርበብ አለ።

«ሐኪም ቤት ሂድ» አሉኝ።

«እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ ይዩኝ» አልኳቸው።

ኪሳቸውን ዳብሰው መነጽራቸውን አወጡ።

«ምላስህን አውጣ» አሉኝ።