የጣልያኑን ብረት ታርጋ አንብቤ «ሞተር ነው» ያልኩ ቀን

ወገን፣ የዛሬውን ጉዴን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ገና አላመንኩም!

እዚህ ደብረ ታቦር የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ በጣልያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ መጋዘን አለ። መስኮት የለውም። ውስጡ እጀታ ያለው የዛገ ብረት ተቀምጧል።

የአከራዬ የአያ ሞገስ ሟች አባት «ጣልያኖቹ እያስገደዱኝ በዚህ እጄ መብራት አወጣላቸው ነበር» ሲሉ ኖረዋል። ሰፈሩ እንደሳቀባቸው ሞቱ።

ዛሬ ጠዋት አያ ሞገስ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነህ። አባቴ ይዋሹ ነበር ወይ? ቁርጡን ንገረኝ።»

ገና አንደኛ ዓመት ነኝ ልበላቸው? በፍጹም!

ጉሙ ደጁን ሞልቶታል። መጋዘኑ ደግሞ ከውጭው ይብስ ይቀዘቅዛል። ብረቱ ላይ የተለጠፈችውን ታርጋ በጨርቅ ጠረግኳት። የማሽኑን ስም ዝገት በልቶታል። ቮልት አለ። አምፒር አለ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርም አለ።

«ሞተር ነው» አልኩ በኩራት። «እጀታው እንደ ድሮ መኪና ማስነሻው ነው። ሞተር መብራት ይበላል እንጂ አያወጣም።»

አያ ሞገስ አንገታቸውን ደፉ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከበሩ ላይ ሆነው «አላልኩም? ሲቀባጥሩ ነው የኖሩት!» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ጥንቁቅ ተማሪ ነኛ! ማስረጃ ላሳይ ብዬ የሞተር ሳይክል አምፖል ከብረቱ ሽቦዎች ጋር አገናኘሁ።

«ይኸው፣ የሞተ ነው።»

አያ ሞገስ እጀታውን ጨብጠው ማዞር ጀመሩ።

ብረቱ አቃሰተ።

አምፖሉ መጀመሪያ ቀላ። ከዚያ በራ!

የመብራት መስመር ገብቶበት በማያውቅ ቤት!

ያኔ ገባኝ። የሞተር ታርጋ የፈረስ ጉልበቱን ይጽፋል። እዚህኛው ላይ የለም። እኔ ደግሞ እሱንም ዝገት በልቶት ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። ጄኔሬተር ነው! በግማሽ ታርጋ የሟችን ስም ልቀብር ነበር!

እትዬ ዘነቡ አማተቡ። አያ ሞገስ እንባቸውን ሊጠርጉ እጀታውን ለቀቁት።

እጀታው ግን መዞሩን አልተወም። አምፖሉም አልጠፋም።



«አባባ፣ ይብቃዎት» አሉ አያ ሞገስ ቀስ ብለው። «አምነንዎታል።»

ቆመ።

ኢነርሺያ ነው፣ የዞረ ነገር በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላል፣ አይደል? የፊዚክስ ልጆች፣ በፈጠራችሁ «አዎ» በሉኝ! የእኔ ክፍልና መጋዘኑ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው!