የሸማኔ እግር ለአንኮበር መንገድ ሲሰናዳ

መንገድ መሄድ ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። አንዱን እግር ማስቀደም፣ ሌላውን ማስከተል ነው። ለኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ሳልሄድ በፊት።

ሥራዬ ሽመና ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ የበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሰው እዚያ ሥራ አይፈታም። ሸማኔ ደግሞ ከወገቡ በላይ ቤት ውስጥ፣ ከወገቡ በታች ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። እግሬ መርገጫውን ሲረግጥ ይውላል እንጂ አንድ ጋት ፈቀቅ አይልም። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ያለውን አገር የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከክፉ ቀን በፊት ነው። ከብቱ ገና አላለቀም፤ ቤተ መንግሥቱ ግን አንኮበርን ትቶ ወደ እንጦጦ ሄዷል። አንድ የገበያ ቀን ይማም የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በሬን አንኳኳና ከአንኮበር መልእክት አለህ አለኝ። ላኪው ወልዴ ነው። ወልዴና እኔ ሽመናን ከአንድ ሰው ነው የተማርን። ከተጋቡ በሰባት ዓመታቸው ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ፤ እንዳልቀር።

ይማም አንድ ነገር ጨመረ። የሰፈሩ ባላባት ልጁን እኔ ላንሣው ብለው ኖሯል። ለምን መሰላችሁ? አበ ልጅ ከሆኑ ወልዴ እስኪሞት ድረስ ባናቸውን በነጻ ሊሠራ ነዋ። ወልዴም ጨንቆት፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው አለ ብሎ መልሷቸዋል። ያ ሰው ቢቀርስ? የወልዴ አንገት የት ይገባል?

ይማም በሁለት ሳምንት ተመልሶ ሊመጣና አብረን ልንሄድ ተስማማን። እሱ ወጥቶ ሳይርቅ እኔ ልቤ አንኮበር ደርሷል። በዚያ ቀን የሠራሁትን ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ባለቤቴ ትርንጎ፣ ልትዳር ነው እንዴ አለችኝ።

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። መካር የበዛበትስ ምን ይሆናል? ይህን የተረተልን የለም። እኔ የሄድኩት አያ ደምሴ ዘንድ ነው። አያ ደምሴ በወጣትነታቸው ብዙ ዘምተዋል። እግርህን ሌሊት ሌሊት ሞራ ቀባው አሉኝ። ነጭ ሽንኩርት ያዝ፤ ላብህ ሳይደርቅ ውኃ እንዳትጠጣ፤ ጦር አይለይህ። ከሁሉ በላይ ግን ሸክም ተለማመድ አሉኝ፤ ሸክም ያልለመደ ትከሻ በዳገት ላይ ባለቤቱን ይከዳል።

ከማግስቱ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ወጣሁ። የሚሸከሙት ነገር ቢጠፋ አንድ ደህና ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቅጥሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። በሁለተኛው ቀን አምስት ጊዜ። ላቡ ሲንጠፈጠፍ ደስታዬ አይጣል ነው። ሰው ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ አድንቆኝ መስሎኛል።

በአራተኛው ቀን የነፍስ አባቴ ከቅጥሩ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ የነፍስ አባትህ ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ፣ አባ።"

"ታዲያ ይህን ከባድ ንስሐ ማን ሰጠህ?"

"ንስሐ አይደለም፣ አባ። ልምምድ ነው።"

"የምን ልምምድ?"

"የመሄድ።"

"መሄድንማ በሕፃንነትህ ለምደኸዋል" አሉ። "የምትናገረው ካለህ ተናገርና ድንጋዩን አስቀምጥ።"

ለካ አገሩ በሙሉ የኔን ኃጢአት ሲያማርጥ ነበር የሰነበተው። ግማሹ የሰው ፈትል ሰርቆ ነው ይላል። ግማሹ ሴት ነው ይላል። ትርንጎ ወሬውን ከወንዝ ሰምታ መጥታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ተከተለችኝ። ከቅጥሩ ሥር ተቀምጣ ስዞር፣ ሳቃስት፣ ድንጋዩን ስጥል፣ መልሼ ስሸከም አየች። መጨረሻ ላይ፣ አንተ ሴት የምታይበት ጉልበት የለህም ብላ አመነችኝና ስንቅ ወደ ማሰናዳቱ ተመለስን።

ስንቁስ? በሶ አለ፤ ዳቦ ቆሎ አለ፤ ቋንጣ አለ። ለብርዱ ሁለት ባና፣ ለመኝታ አጎዛ፣ ለዝናብ ጌሳ፣ የሞራ ቀንድ፣ የአያ ደምሴ ጦር። ለልጁ የሠራሁለት ትንሽ ባና ደግሞ ለብቻው ተጠቅልሎ። ይማም መጥቶ ክምሩን አየና ለትርንጎ ሰላምታ ከሰጣት በኋላ ወደኔ ዞረ።

"ወንድሜ፣ ሐረር ነው እንዴ የምትሄደው?"

"አንኮበር ነው እንጂ።"

"እንግዲያው በሶህንና የልጁን ባና ያዝ። ለቀረው በመንገዱ ሁሉ ሰው አለ፤ አላህ ያውቃል።"

የሁለት ሳምንት ዝግጅቴ በር ላይ ቀረ። ጦሩን እንኳ ከልክሎኝ በትር ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ምን ልበላችሁ? በሬሳን ስሻገር ሳቄ መጣ። ገብሱ፣ ሜዳው፣ ነፋሱ፣ ሁሉም አዲስ ነው። ያየሁትን ሰው ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ዳገቱን ከይማም አጋሰሶች እኩል ወጣሁት፤ ድንጋዩን እግዜር ይባርከው አልኩ። አንድ ገበሬ ቤት የእግዜር እንግዳ ብለን አደርን።

በማግስቱ ከአፋፉ ደረስን። በጅባራው ተክል መሐል ቆሜ ቁልቁል ባይ ደመናው ከእግሬ በታች ነው። ሰው ደመናን ከላይ ያያል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። በትሬን ጥዬ ተቀመጥኩ። ይማም ነጋዴ ነው፣ መንገዱ ሰልችቶታል ስል፣ እሱም ከጎኔ ተቀመጠና፣ እኔ ሁልጊዜ እዚህ እቀመጣለሁ አለኝ።

ከዚያ መውረድ ጀመርን። አያ ደምሴ ስለ ዳገት እንጂ ስለ ቁልቁለት አልነገሩኝም። ጉልበቴ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ታጠፈ፤ በኋላ ጭራሽ የሌላ ሰው ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እኔ ቀስ በቀስ በእግሬ መሄድ ትቼ በመቀመጫዬ ወረድኩ። አንኮበር የደረስኩት አመሻሽ ላይ የይማምን ትከሻ ተደግፌ ነው።

ወልዴ ቤት ደጃፍ ላይ ወደቅሁ። አንዲት ሴት ውኃ ይዛ መጥታ እግሬን ማጠብ ያዘች። አመሰግናለሁ ልል ቀና ብል ትርንጎ ናት።

ለካ ወልዴ አዝኖልኝ ወንድሙን በቅሎ አስይዞ ልኮልኝ ኖሯል። እኔ በነጋዴው መንገድ ስወጣ ወንድሙ በሌላው መጥቶ ማታውን ቤቴ ደርሷል። ትርንጎን በማግስቱ ንጋት ላይ ባዶዋን በቅሎ ይዞ ሲሰናበታት፣ ቆይ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችባት። ጭራሽ ከቀትር በኋላ ደርሳ ምሳ በልታለች።

"ምን አመጣሽ?" አልኳት።

"በቅሎዋ ባዶዋን ከምትመለስ ብዬ ነው" አለችኝ።

በማለዳው ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ባላባቱ ካባቸውን ደርበው ቆመው ነበር። እግሬን አይተው፣ ካልቻልህ እኔ አለሁ አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ልጁን ተቀበልኩ። ጉልበቴ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤ ክንዴ ግን የሸማኔ ክንድ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆምኩ። ባላባቱ ልጁን አንድ ጊዜ አይተው ወጡ፤ ወልዴ ጀርባውን ሰጥቶኝ አለቀሰ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ። አንኮበር ሊሄድ ያሰበ ሁሉ ቤታችን መጥቶ መንገዱን ይጠይቃል። እኔ ስለ አፋፉና ስለ ቁልቁለቱ ላስረዳ ጉሮሮዬን ስጠርግ ትርንጎ ትቀድመኛለች።

"ምንም አያስቸግርም" ትላለች፤ "ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።"