ሦስት ቁልፍና አንድ ድንኳን

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘ በሳምንቱ፣ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሌባ ያልደረሰበትን ዕቃ እንኳ የሚሰውርብን አማካሪ ነው! አትቆጡ። እኔም እንደ እናንተ የተማረ ሰው አከብራለሁ። ዘመኑም የአማካሪ ነው፤ ለትዳር አማካሪ፣ ለልጅ ትምህርት አማካሪ፣ ለዶሮ እርባታ አማካሪ... ለዕድር ድስት የጥበቃ አማካሪ ያስመጣነው ግን በአምቦ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ያዥ እኔ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ፣ ሁሉም እኔ ግቢ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ይቀመጣሉ። ቁልፉ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሐምሌ ላይ ዕቃ ስንቆጥር ትልቁ ድስት የለም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ማንም ቀና ብሎም አላየኝም፤ እሱ ነው የባሰው።

"ሌባው በሠለጠነበት ዘመን እኛ በሚስማር አንኖርም" አሉ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ቱሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። "የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ለትልልቅ ድርጅቶች የደህንነት ምክር ይሰጣል። መጥቶ ይየን።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛው ጩኸት በከረባትና በላፕቶፕ መጣ።

አቶ ብሩክ ይባላል፤ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። መጋዘኗን ሦስት ጊዜ ዞራትና ጥያቄ ጀመረ።

"ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ሚስማሩ ላይ።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"ሰው የሞተበት ሁሉ።"

ጻፈ። "ውሻ አለ?"

"አለ።"

"ይጠብቃል?"

"ለቅሶ ካለ አብሮን ይሄዳል።"

እሱንም ጻፈ። ከዚያ የስጋት ትንተና የሚባለውን አነበበልን። ትንተናውን ስሰማ እስከዚያ ቀን በሕይወት መቆየቴ ገረመኝ፤ ፈጣሪዬንም አመሰገንኩ። ውሳኔው አጭር ነው። የብረት በር ይገጠም። ሦስት ቁልፍ ይሁን። አንዱን ኦቦ ቱሉ፣ አንዱን ገንዘብ ያዡ ኦቦ ጉርሙ፣ አንዱን እኔ እንያዝ። ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም!

"ቁልፉን የት እንደደበቃችሁት ለማንም እንዳትናገሩ" አለ። "ለባልም፣ ለሚስትም።"

"ለንስሐ አባትስ?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "ለንስሐ አባትም።"

ቁልፌን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከንስሐ አባቴ የደበቅሁት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። ሌባ ዝር አላለም። ከዚያ የኦቦ ጉርሙ እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ ዕድሜ ጠግበው በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ኦቦ ጉርሙ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያለብስ የኖረ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ከጉደርም ከጊንጪም ለቀስተኛ መንገድ ላይ ነው። ከወንጪ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ድንኳን ያስፈልጋል... ድንኳኑ ደግሞ ከብረቱ በር ኋላ ነው!

ኦቦ ቱሉ ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። እኔም ሽሮዬን አራግፌ አወጣሁ። ሦስተኛው የለም።

ብረት ቆራጩን ጠራነው፤ መብራት የለም። የጎረቤት ዕድር ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ተተክሏል። አቶ ብሩክ ጋ ደወልን፤ እሱም ለዚሁ ለቅሶ እየመጣ ነው መሰለኝ፣ ስልኩ አይሠራም። የኦቦ ጉርሙን ሚስት ብንጠይቃት "ያ ወቃዮ! እኔማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ ሲነሣ ‘ውጪልኝ’ ብሎ ከቤት ያስወጣኛል" አለች።

"ራሱን እንጠይቀው" አልኩ።

"እናቱን ሊቀብር የቆመን ሰው? ቁልፍ?" አሉ ኦቦ ቱሉ። "ምን እንባላለን!"

እውነታቸውን ነው። እናንተስ ትጠይቁ ነበር? ሐዘንተኛ አገሩ ሁሉ ደግፎት ያለቅሳል እንጂ የዕቃ ጥያቄ አይጠየቅም። ዝናቡ ግን ይሉኝታ የለውም፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ደጅ የተቀመጡትን አሮጊቶች አየሁ። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ሊበሰብስ ነው። አዴ ጫልቱ በሕይወታቸው አንድ እንግዳ ደጅ ላይ አቁመው አያውቁም።

"ጸዳለ፣ አንቺ ሴት ነሽ" አሉ ኦቦ ቱሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አልቅሰሽ ጠይቂው።"

ካህናቱ ሙሾ አታብዙ ይሉናል፤ እኔም ከእንባ በቀር ግጥም አውጥቼ አላውቅም። የጨነቀው ግን... ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ደጅ ከለቀስተኛው ጋር ከቆመው ከኦቦ ጉርሙ ፊት ቆምኩ። ደረቴን መታሁ፤

"እንግዳሽ በደጅ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣
ድንኳኑ ከውስጥ ነው፣ ቁልፉን ማን ሰውሯል?"

ሴቶቹ "ወዮ!" ብለው ተቀበሉኝ። ኦቦ ጉርሙ ቀና አለ። ዓይኑ ቀይ ነው። አየኝ፣ ሰማዩን አየ... ገባው! እጁን እናቱ ወደተኙበት ቤት ዘርግቶ እያነባ መለሰ፤

"ታማኝ ሰው ብፈልግ ካንቺ ሌላ አጣሁ፣
ቁልፉን በመቀነት ቋጥሬብሽ ወጣሁ!"

ምክሩን በደንብ ሰምቶ ኖሯል፤ ከቤት የማይወጣ፣ የማያወራ፣ ማንም የማይፈትሸው ሰው መርጧል። እሳቸው ግን ዛሬ ሊወጡ ነው፤ ለዚያውም ላይመለሱ!

ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። አስከሬኑን የሚገንዙት ሴቶች መቀነቱን አጥፈው ከራስጌያቸው አድርገውታል፤ አብሮ ሊቀበር። "ጫፉ ላይ የተቋጠረው እምነት መስሎን ነበር" አሉኝ፤ አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያን አምጥተው የሚቋጥሩትን የጠበል አፈር ማለታቸው ነው። "ማን ደፍሮ ይፈታዋል?" ይቅር ይበሉኝ ብዬ ፈታሁት። ቁልፍ!

ድንኳኑ ቀና እንዳለ ሰማዩ ተቀደደ። አንድም አሮጊት አልረጠበችም። ተመስገን አልኩ፤ እንባዬ ያን ጊዜ ነው የእውነት የመጣው።

አቶ ብሩክ በስብሶ ደርሶ ከጎኔ ተቀመጠ። የሆነውን ነገርኩት።

"ስለዚህ ቁልፉ የት እንደነበር ስንት ሰው ሰማ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ያለቀሰው ሁሉ።"

አልጻፈም።

ይሄኔ ጎረቤቴ አዴ ብርቱካን ከልጇ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው አንድ ድስት ሙሉ ንፍሮ አስገቡ። የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ የዕድራችን ቀለም!

"ብርቱካን፣ ይሄን ድስት ከየት አመጣሽው?"

"ከየት አመጣሽው ትላለች እንዴ! ግንቦት ላይ ለልጄ ሠርግ ራስሽ አውጥተሽ ያዋስሽኝ አይደል? ልመልስ ብመጣ ጸሎት ላይ ነሽ አሉኝ፤ ተመለስኩ። ደግሜ ብመጣ በሩ ብረት ሆኖ ሦስት ቁልፍ አፍጥጦብኛል። እኔ ሦስት ሰው ከየት ሰብስቤ ነው ድስት የምመልሰው? ለማንኛውም ገለቶሚ፣ ተባረኪ፣ ሠርጉን ያደመቀው እሱ ነው።"

ንፍሮዬን ዘገንኩ። መልሼ አፈሰስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ኦቦ ቱሉ ቤት ሄድኩ።

"አካም ቡልቴ፣ ጸዳለ? በማለዳ ደህና?"

"ደህና። የድስቱ ሌባ ታወቀ።"

ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ማነው?"

"ከፊትዎ ቆማለች።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ቁልፋቸውን ተቀበልኳቸው፣ የኦቦ ጉርሙም እኔው ጋ አድሯል፤ ሦስቱንም በአንድ ክር አስሬ ከብረቱ በር አጠገብ ያለው አሮጌው ሚስማር ላይ ሰቀልኳቸው። ውሻው መጥቶ ከሥራቸው ተኛ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁና ለንስሐ አባቴ ስለ ሽሮው ልነግራቸው ሄድኩ።