ከልጄ ስፒከር ውስጥ የወጣው ልብስ

እህቶቼ፣ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ የሆነውን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ተቀመጡ! የያዛችሁትንም ብርጭቆ አስቀምጡ!

ልጄን ናታንን ታውቁታላችሁ። ከውትድርና ከወጣ ጀምሮ እዚሁ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ደመወዙን በጫማ ይጨርሳል ስል፣ ለካ ለስፒከር ሲያጠራቅም ነበር።

ስፒከር ስላችሁ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን ትንሿን እንዳይመስላችሁ። ሁለት ናቸው፤ እስከ ደረቴ ይደርሳሉ። የመጡ ዕለት ከሥራ ስገባ እንግዳ መስለውኝ "ሻሎም" ብያቸዋለሁ።

ችግሩ ድምፃቸው ነው።

ናታን ከፍቶ ሲያዳምጥ ፊቱ ይጠቁራል። "ኢማ፣ ቤዙ የለም! ወፍራሙ ድምፅ የት ገባ?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ሶፋውን ገፋ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ መጋረጃ ቀየረ። ክፍሉን በሜትር ለክቶ ስፒከሮቹ የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በስኮች ምልክት አደረገ።

(እሱን ስኮች ወለሉን ውሃ አፍስሼ ስፖንጃ ሳደርግ ልጬ ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ይሄ ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው፤ አንብቡ!)

በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ። "ችግሩ ክፍሉ ነው። ለእነዚህ ስፒከሮች የማይሆን ከሆነ ሃይፋ ሰፋ ያለ ቤት እከራያለሁ።"

ሃይፋ!

ሽንኩርት መላጥ የማይችል ልጅ! ትኩሳት ቢይዘው ግንባሩን ማን ይነካለታል? "በባቡር ቅርብ ነው" ይለኛል። ለእናት ቅርብ የሚባል ባቡር አለ እንዴ?

"ቆይ፣ መጀመሪያ ሺራ መጥታ ትየው" አለ። ሺራ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የምታስተካክል፣ የእኛው ሰፈር፣ የቤት ኤሊዔዘር፣ ልጅ ናት። እኔም አምላኬን ለመንኩ። ይቺ ልጅ "ክፍሉ ጥሩ ነው" ካለች ልጄ ቀረልኝ! ሳሎኑን ደጋግሜ ወለወልኩ። የተወለወለ ቤት ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ መስሎኝ።

ዛሬ መጣች። "እንደምን ዋሉ?" ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ሳሎኑ መሃል ቆማ አጨበጨበች።

ቤቱ ደስ ብሏት መስሎኝ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ለካ ድምፁ ሲያስተጋባ ልትሰማ ነው! ናታን በዓይኑ "ተይ" አለኝ።

"ክፍሉ ምንም አይልም" አለች። ልቤ መለስ አለ። ከዚያ ሙዚቃ ከፈተች፤ ግንባሯን ቋጠረች። "እነዚህ ለምን ግድግዳው ላይ ተለጠፉ?"

"ሰው እንዳይደናቀፍ ነው፣ ልጄ" አልኩ። እኔ ነኛ የገፋኋቸው!

በስልኳ እያበራች ከኋላቸው ገባች። "ናታን፣ እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

እህቶቼ፣ እውነቱን ላውጣው። እያንዳንዱ ስፒከር ከኋላው ጡጫ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለው። የሐደራን ጁክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ በረንዳ ላይ እንደ ዶሮ የሚንጎራደደውን በረሮ! ቤት እንዳይሠራበት ብዬ፣ ገና እንደመጡ ሁለቱንም ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኳቸው። ለናታንም አልነገርኩትም። እናንተ ድስት ስትከድኑ ለሰው ትናገራላችሁ?

ሺራ ጫፉን ይዛ ሳበች። መጣ። ሳበች። አሁንም መጣ። አንድ እግር ወጣ። ቀጥሎ ሌላው እግር!

ናታን ወታደር ሳለ ለብርድ የገዛሁለት ረጅም የውስጥ ሱሪ ነው።

እንዳይጠፋበት ብዬ ወገቡ ላይ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፌበታለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፤ ያንን ስም ግን አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ከሩቅ ይነበባል።

አነበበችው። ጮክ ብላ!

"ናታን... ያንተ ነው?"

"ዲ፣ በቃ፣ ኢማ! ምን ነካሽ?" አለ ልጄ፤ መግቢያ ጠፍቶት።

"በረሮ እንዳይገባብህ ብዬ ነዋ!"

"ስፒከሩ እኮ በዚያ ነው የሚተነፍሰው!"

"አፍንጫው በኋላው መሆኑን እኔ በምን ልወቅ!"

ሺራ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሁለተኛው ስፒከር ካልሲዎች ወጡ።

ካልሲዎቹም ላይ ስሙ አለ።

ከዚያ ሁለቱ ተጋግዘው ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቁ። ብርጭቆዎቼ በቤዙ ሲንጫጩ የተደረደሩበት ቁም ሳጥንም ወደ መተላለፊያው ተባረረ።

ሺራ የመሰንቆ ዘፈን ከፈተች።

እንዴት ልንገራችሁ! ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁት። ሰው የገባ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ኢማ፣ ክፍሉ አንደኛ ነው!" አለ ናታን። "ሃይፋ ሄጄ ምን አደርጋለሁ?"

እልል ልል አፌን ስከፍት ሺራ "አንድ ነገር አለ" አለች። "ድምፁ ልክ የሚሆነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚህ፣ ሶፋው መሃል።"

ናታን እዚያ ተቀመጠ።

እሷም እዚያው ተቀመጠች።

እህቶቼ፣ ቦታው እኮ ለአንድ ሰው ነው!

"ወንበር ላምጣልሽ፣ ልጄ?" አልኳት።

"አይ፣ አይልፉ፤ ከወንበር ላይ ቤዙ አይሰማም" አለችኝ። ዓይኗ ግን እኔ ጋ አልነበረም።

ማክሰኞ ደግሞ ትመጣለች አሉ፤ "ትንሽ የሚስተካከል ነገር ቀርቷል" ብለው። እኔ እስከማውቀው የቀረ የለም። ሁሉም ይሰማል፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር!

ልጄን ታስቀርልኛለች ብዬ ተስፋ የጣልኩባት ልጅ፣ ራሷ ይዛው ልትሄድ ነው እንዴ? እናንተ ልጅ የዳራችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፦ እልልታዬን አሁን ልበለው ወይስ ላቆየው?